የሐሊማ አውሮፕላን ሲዞር

እኛ ሰፈር፣ ቤቴል፣ እኔን ያየ ሰው መንገድ ይቀይራል። ሠላሳ ዓመት አውሮፕላን ስጠግን ኖሬ ጡረታ ስወጣ ወሬዬ ሁሉ ክንፍና ሞተር ሆኖ ቀረ። ጎረቤቴን ሐሊማንማ፣ ልብስ ልታመጣ ዱባይ በሄደች ቁጥር በር ላይ አቁሜ ጭንቅላቷን አዞረዋለሁ። እሷም "እሺ ጋሼ፣ እሺ" እያለች ሻንጣዋን ትጎትታለች።

ባለፈው ቅዳሜ እሷ ከተሳፈረች በኋላ፣ የጡረተኞች ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ "የዱባዩ በረራ ከመንገድ ተመልሶ አየር ላይ እየዞረ ነው" የሚል መጣ። ወዲያው ባሏ ከድር ፊቱ አመድ መስሎ ስልኩን እንደያዘ ቤቴ ገባ። በረራ የሚያሳየው ካርታ ላይ አንዲት ትንሽ የአውሮፕላን ምልክት ክብ ትሠራለች።

"ጋሼ፣ ለምንድን ነው የማያርፈው?"

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ለስንቱ ተናግሬዋለሁ። ግን በዚያች ሰዓት የማውቀው ብሎን ሁሉ አንድ በአንድ ሲፈታ እየታየኝ ምላሴ ተሳሰረ። ከድር ዝምታዬን አይቶ ሶፋው ላይ ዘጭ አለ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ሐሊማ ናት፤ በሰላም አርፈዋል! ከድር "አልሐምዱሊላህ" እያለ ሲያለቅስ ስልኩን ተቀበልኩት።

"ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ሲጮህ ምን አልኳቸው መሰለዎት? ሙሉ ነዳጅ ይዞ ማረፍ ስለሚከብደው እየዞረ እያቃጠለ ነው፣ ጎረቤቴ ነግረውኛል አልኳቸው። ጸጥ አሉ።"

"አንቺ! ትሰሚኝ ነበር እንዴ?"

"ምን ላድርግ ጋሼ፣ መች ያስመልጣሉ!"