ነሜያ የማይል ጠርሙስ

በኛ ጊዜማ ልጆቼ፣ ልጅ ልጠይቅ ብሎ የመጣን ሰው ከየት እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ሳያጣሩ ቁጭ በል አይሉትም። ታዲያ የኔ ሰላም ግሪክ ላግባ አለች! እሺ፣ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ጥሩ። ግን ማን ያውቃቸዋል? ልጁን «አባትህ የየት አገር ሰው ነው?» ስለው «ነሜያ፣ የወይን አገር» አለኝ፣ እና በልቤ ያዝኩት።

እኔ ደግሞ እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ፣ መጠጥ መሸጫ ሊከር ስቶር ውስጥ ካሼር ሆኜ ዘመኔን የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ ነሜያን አውቀዋለሁ። ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው። ወይኑ እዚያው ካልበቀለ፣ እዚያው ካልተጠመቀ ማንም ነሜያ ብሎ አይጽፍበትም፣ ሰማችሁ? አይጽፍበትም!

ታዲያ አባትየው፣ ኒኮስ ይባላል፣ ከዚሁ ከጎረቤት ከተማ ከእንግልውድ ዘመዶቹን አስከትሎ ሽምግልና መጣ፣ ጠርሙስ ታቅፎ። ግባ ብለው አይቀመጥም፣ በር ላይ ቆመ። ይሄን ማን አስተማረው? ሰላምን አየኋት፣ እሷ ጣራ ጣራ ታያለች። «ወይኑ የወንድሜ ነው፣ ከአገር ቤት» አለና ሰጠኝ። መነጽሬን አደረግኩና የተለጠፈበትን አነበብኩ፣ አገላብጬ አነበብኩ። ፔሎፖኔዝ ይላል። ፔሎፖኔዝ እኮ ነሜያን ጨምሮ ስንቱን የያዘ ሰፊ ክፍለ አገር ነው! ነሜያ የሚል የለም። ወይኑ ላይ ከዋሹኝ ልጄ ላይማ ምን ሊሉኝ ነው? ሰርጉ ቀረ አልኩ በልቤ።

«አቶ ኒኮስ፣ ነሜያው የታለ?» አልኩት።

«ኖ፣ ኖ!» አለ እጁን እያወናጨፈ፣ «እኔ የተወለድኩት ነሜያ ነው። የወንድሜ ማሳ ግን ከመንገዱ ማዶ ነው፣ የነሜያ ወይን ክልል መንገዱ ላይ ያበቃል። ነሜያ ብለን መጻፍ አንችልም።»

«ታዲያ ነሜያ የሚለውን ገዝተው አይመጡም ነበር?»

«እሱ የሰው ነው። ልጅዎን ልጠይቅ መጥቼ የሰውን የኔ ነው ልበልዎት?»

እኔ መች አምኜ! «ሰላም፣ ስልክሽን አምጪ» አልኩና ካርታ አስከፈትኳት።

«አባዬ ፕሊስ! እኔን ልትድር ነው መሬት ልትለካ?» ትላለች፣ እንባዋ ደርሷል። እና መንገዱ አለ። ሰውየው ማሳውን በጣቱ አሳየኝ፣ እውነትም ማዶ ነው። አፈርኩ፣ ምን ልደብቃችሁ።

«እርስዎስ ከየት ነዎት?» አለኝ በተራው።

አዲስ አበባ ልል አፌን ከፈትኩ። ዴንቨር ከመጣሁ ጀምሮ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው እሱን ነው። ግን ሰውየው ዓይን ዓይኔን ያየኛል፣ እና «ሰንዳፋ» አልኩት፣ «ከአዲስ አበባ ትንሽ ወጣ ብሎ።»

«ዋት?» አለች ሰላም። «አባዬ፣ ዕድሜ ልክህን አዲስ አበባ ስትለን አልነበር?»

«ዝም በይና ብርጭቆ አምጪ» አልኳት፣ «ሰጥቼሻለሁ።»