የጋሽ ሽበሺ ሁለተኛ ምስክርነት

ጋሽ ሽበሺ ለአራት ዓመት ከሰው የደበቁት ጉድ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ከታቦር ወደ ፒያሳ በሚወርድ ባጃጅ ውስጥ በአንዲት ወጣት ቀሚስ ላይ ፈሰሰ። ባጃጁ ጉድጓድ ገብቶ ሲዘል፣ በጉልበታቸው መካከል አጣብቀው የያዙት ሃይላንድ ክዳኑ ላልቶ ኖሮ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጅ አራሳት።

«ይቅርታ ልጄ፣ ውሃ ነው፤ አሁን ይደርቃል» አሉ ፈጠን ብለው።

ልጅቱ ቀሚሷን አራገፈችና ሳታስበው እጇን ወደ አፍንጫዋ ወሰደች። ውሃ የተባለው ነገር የለየለት አረቄ ነው። ሽታው ባጃጁን ሞላው፤ ሹፌሩ እንኳ በመስታወቱ ወደ ኋላ ሰረቅ አድርጎ አየና ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ።

«ጋሽ ሽበሺ፣ አላወቁኝም? ሐዳሳ ነኝ እኮ! ለሕፃናት ኳየር ጋውን ሲለኩኝ ‹ቀጥ ብለሽ ቁሚ› እያሉ ስንቴ ተቆጥተውኛል።»

አወቋት። ባያውቋት ይሻላቸው ነበር። ጋሽ ሽበሺ ከሶዶ መጥተው ሐዋሳ ላይ ሠላሳ ዓመት መርፌ የያዙ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የከተማዋ ግማሽ ኳየር የእሳቸውን ጋውን ለብሶ ይዘምራል። በአጥቢያቸው ግን ከመርፌው ይልቅ የሚታወቁት በምስክርነታቸው ነው። ከአራት ዓመት በፊት መድረክ ላይ ወጥተው «ጌታ ከመጠጥ ነጻ አወጣኝ» ብለው ምዕመኑን በእልልታ ያናወጡ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው በጠዋት አረቄ በሃይላንድ ይዞ ሲገኝ ምን ብሎ ያስተባብላል?

ፒያሳ ሲደርሱ ሁለቱም ወረዱ። ሐዳሳ ደህና ዋሉ ብላ መሄድ ትችል ነበር፤ አልሄደችም። የሱቃቸው በር ላይ ቆማ አየቻቸው። እጃቸው እየተርገፈገፈ ቁልፉ ከጓጉንቸሩ ቀዳዳ አልገባ አለ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሳቱ። ልጅቱ ቁልፉን ተቀብላ ከፈተችላቸው።

«አሁን ይኼን ለፓስተሩ ትነግሪያለሽ» አሉ ከስፌት ማሽናቸው ኋላ እየተቀመጡ።

«ለማንም አልናገርም። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ በአእምሮ ጤና ተመርቄ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራዬ መስማት ነው። ከፈቀዱልኝ እሰማለሁ፤ ካልፈቀዱም ቀሚሴን አድርቄ እሄዳለሁ።»

ጋሽ ሽበሺ ፈገግ ሊሉ ሞክረው አልሆነላቸውም። ጨርቆቹን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ወንበር ሰጧት።

«በመጪው ሳምንት እሑድ ደብሪቱ ካረፈች አንድ ዓመት ይሆናታል» አሉ። «የአጥቢያችን ሽማግሌዎች የመታሰቢያ ጊዜ ይዘውልኛል። ‹ምስክርነትህን ድገመው፣ የባለቤትህን የጸሎት ፍሬ ሕዝቡ ይስማ› ብለውኛል።»

«ምን ሊሉ አሰቡ?»

«ምን እላለሁ? ነጻ ነኝ እላለኋ!»

«ጠጥተው ነው የሚወጡት?»

አንገታቸውን ደፉ። «ካልጠጣሁ እጄ ማይክ አይዝም።»

አልጠጣም ብሎ ለመመስከር አስቀድሞ መጠጣት ያለበት ሰው ከሩቅ ሲያዩት ያስቃል። ሐዳሳ ግን ቅርብ ነበረችና አልሳቀችም።

«እውነቱን ቢናገሩስ?» አለች።

«እውነቱን? ልጄ፣ ደብሪቱ በየዓርቡ የእህቶች ጸሎት ላይ ‹ባለቤቴን ስላዳንክልኝ ተመስገን› እያለች ሦስት ዓመት ሙሉ አመሰገነች። ኩላሊቷ ደክሞ ሆስፒታል ስትተኛ እንኳ ምስጋናዋ እሱ ነበር። አሁን እኔ ተነስቼ ውሸት ነው ብል ጸሎቷን መና ማስቀረቴ አይደለም? እኔን ሰካራም ይበሉኝ፣ ግድ የለም። ደብሪቱ በከንቱ ጸለየች ሲባል ግን ቆሜ አልሰማም!»

«እትዬ ደብሪቱ የጸለዩት ለምስክርነቱ ነው ወይስ ለሰውዬው?»

ጋሽ ሽበሺ መልስ ሲያጡ የሚያደርጉት ነገር ሌላ በር መክፈት ነበርና ሌላ በር ከፈቱ።

«ደግሞስ ጌታ አልተቀበለኝም። አንቺ ይኼን አታውቂም። ከመሰከርኩ በኋላ ሦስት ቀን ጠብታ አልቀመስኩም። በሦስተኛው ቀን ሰውነቴ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ ላብ አጠመቀኝ። ግድግዳው ላይ ጉንዳን ሲርመሰመስ አያለሁ። ደብሪቱ ‹የታለ?› ትለኛለች፤ ምንም የለም። ያኔ የወጣው የመጠጥ መንፈስ ተመልሶ መጣ፣ ጌታም ጣለኝ አልኩ። በማግስቱ ልብስ ላደርስ ነው ብዬ ወጥቼ አንድ መለኪያ ጠጣሁ። መንቀጥቀጡ ቀጥ አለ፤ ጉንዳኑም ጠፋ። በዚያው ቀረሁ።»

የሐዳሳ ዓይን እንባ አቀረረ። ባለሙያ ነኝ ብላ ልትደብቀው ሞከረች፤ አልቻለችም።

«ጋሽ ሽበሺ፣ እሱ መንፈስ አልነበረም፤ ሰውነት ነው። ዓመታት አረቄ የለመደ ሰውነት በአንድ ጊዜ ሲከለከል እንዲህ ያደርገዋል። ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ የሌለ ነገር ያያል። አንዳንዱን አንዘፍዝፎ ይጥለዋል፤ ሊገድለውም ይችላል። ለዚህ ነው በሐኪም ክትትልና በመድኃኒት የሚቆመው። ጌታ አልጣለዎትም። የጠፋው ያን ቀን ወደ ክሊኒክ የሚወስድዎት ሰው ነው።»

ጋሽ ሽበሺ ሜትራቸውን አንስተው ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት፤ መልሰው ፈቱት። ከዚያ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። አራት ዓመት ሙሉ ከእግዚአብሔር ፊት የተባረሩ መስሏቸው ነበር፤ የተባረረ ሰው ደግሞ ምን ብሎ መጠጥ ይተዋል? ለካ ነገሩ አንድ የጤና ባለሙያ በአምስት ደቂቃ ሊያስረዳቸው የሚችል ኖሯል።

«ይኼን ያኔ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር» አሉ፣ «ደብሪቱ በሕይወት እያለች…»

ሐዳሳ እስኪረጋጉ ጠብቃ፣ መጀመሪያ ሐኪም እንዲያያቸው፣ ቀጥሎም በክሊኒኩ ግቢ በየቅዳሜው መጠጥ ለማቆም የሚረዳዱ ሰዎች ዘንድ እንዲመጡ ለመነቻቸው። ጋሽ ሽበሺ እንባቸውን ጠርገው ተቆጡ።

«የሰካራም ማኅበር ልታስገቢኝ ነው? እኛ ቤተ ክርስቲያን አለን፣ ጸሎት አለን። ከማላውቀው ሰው ጋር ተቀምጬ ገበናዬን ላወራ?»

«ጸሎቱን ማን ከለከለዎት? ይጸልዩ እንጂ! እትዬ ደብሪቱ ኩላሊታቸውን ሲያማቸው እየጸለዩ ሆስፒታል ይመላለሱ አልነበር? እምነት ጎደላቸው ያለ ሰው ነበር?»

«የለም።»

«እዚያ ደግሞ ነጻ ወጣሁ ማለት አይጠበቅብዎትም። ዛሬ አልጠጣሁም ካሉ ይበቃል። ቢወድቁ መጥተው ወደቅሁ ይላሉ፤ የሚያባርርዎት የለም። እኛ ዘንድ ግን አንዴ ነጻ ወጣሁ ያለ ሰው ሲወድቅ ከመደበቅ በቀር መግቢያ የለውም። ይቅርታ ያድርጉልኝና ያን ጊዜ እልል ካልን በኋላ በማግስቱ ‹እንዴት አደርክ› ብሎ ቤትዎ የመጣ ማን ነበር?»

ማንም አልነበረም። ሃያ አራት ጋውን አዘዟቸው እንጂ የጠየቃቸው አልነበረም። ጋሽ ሽበሺ ይህንን ለመጀመሪያ ጊዜ አሰቡትና፣ ማሽናቸውን ሸፍነው ከልጅቱ ጋር ወጡ።

በዚያው ቀን ሐኪም አያቸው፣ መድኃኒትም አዘዘላቸው። ሐዳሳ በየጠዋቱ ሱቃቸው ብቅ እያለች የደም ግፊታቸውን ትለካለች። ከባድ ሳምንት ነበር። ሌሊቱን ሲገላበጡ ያድራሉ፤ ምግብ አይወርድላቸውም፤ በትንሹም በትልቁም ሆድ ይብሳቸዋል። ጉንዳኑ ግን አልመጣም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምሥራቅ ደረሱ። የክሊኒኩን በር ሁለት ጊዜ አልፈውት ሄዱ። በሦስተኛው የሚያውቃቸው ሰው ቢያይ ጥርሳቸውን ሊያሳክሙ የመጡ እንዲመስለው ጉንጫቸውን ይዘው ገቡ።

ክፍሉ ውስጥ ጥቂት የፕላስቲክ ወንበሮች ክብ ሠርተዋል። መድረክ የለም፤ ማይክ የለም። ታምሩ የሚባል የፊዚክስ መምህር ጀመረ። «ታምሩ እባላለሁ። መጠጥ ያሸነፈኝ ሰው ነኝ። ዛሬ አልጠጣሁም።» ጋሽ ሽበሺ እልልታ ይከተላል ብለው ጠበቁ። ሌሎቹ ግን «እንኳን ደህና መጣህ» ብቻ አሉ።

ቀጥላ ናዲያ የምትባል ሂጃብ የለበሰች ባለሱቅ ተናገረች። «እኔ የአቼቶ ጠርሙስ ውስጥ ነበር የምደብቀው። ባለቤቴ አቼቶ መስሎት እንዳያነሳው ብዬ ሰላጣ ሠርቼ አላውቅም። ይኸው ስድስት ዓመት ቤታችን ሰላጣ አይበላም! እስካሁን ምንም አያውቅም። ዛሬ ግን አልጠጣሁም።» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ እንባ ሆነ። ጋሽ ሽበሺ በዓለም ላይ መጠጥ በሌላ ጠርሙስ የሚደብቁት እሳቸው ብቻ ይመስላቸው ነበር።

ተራቸው ሲደርስ ከልማድ ብድግ አሉ። «ተቀምጠው ይናገሩ አባቴ» አላቸው ታምሩ። ተቀመጡ።

«ሽበሺ እባላለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ነጻ ወጣሁ ብዬ መስክሬ በአራተኛው ቀን ጠጥቻለሁ። ሚስቴ ስታርፍ አጠገቧ ነበርኩ። ጠጋ በል ብላኝ አንድ ነገር ነገረችኝ። አፌ እንዳይሸታት ፊቴን አዙሬ ነው የሰማኋት። ድምጿ ደክሞ ነበር። ምን እንዳለችኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዛሬ አልጠጣሁም።»

«እንኳን ደህና መጡ» አሉ ሁሉም። አንድም ሰው ነገስ ብሎ አልጠየቃቸውም። ጋሽ ሽበሺ ከዚያ ክፍል ሲወጡ እውነቱን ለመናገር ልባቸው ቆርጦ ነበር።

በማግስቱ እሑድ መድረኩ ላይ ወጡ። ማይኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ መንቀጥቀጡንም ጉንዳኑንም ሃይላንዱንም አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። «የደብሪቱ ጸሎት ከንቱ አልነበረም» አሉ በመጨረሻ፤ «ከንቱ የነበረው የእኔ መደበቅ ነው።» እልልታ አልነበረም። ፓስተሩ አጭር ጸሎት አድርገው ዘጉት። ሽማግሌዎቹም ለሦስት ወር ከጌታ ራት ተከልክለው እንዲቆዩ ወሰኑ፤ ጋሽ ሽበሺ እሺ ብለው ተቀበሉ።

በሩ ላይ እትዬ አለምነሽ፣ የደብሪቱ የጸሎት ጓደኛ፣ ክንዳቸውን ያዟቸው።

«ሽበሺ፣ ደብሪቱ ታውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«መጠጣትህን ነዋ። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምራ ታውቅ ነበር። ሰው ፊት ካላመሰገንኩ ይጠረጥሩታል፣ ያፍርብኛል ብላ ነው የምታመሰግነው። ለብቻችን ስንሆን ታለቅስ ነበር። ‹አልጠይቀውም፣ ራሱ እስኪነግረኝ እጠብቀዋለሁ› ትል ነበር።»

ጋሽ ሽበሺ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። እሳቸው እንዳታዝን ብለው ደበቋት፤ እሷ እንዳያፍሩ ብላ ደበቀቻቸው። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ማዕድ፣ ሦስት ዓመት ሁለቱም ብቻቸውን ነበሩ። ክፉ ሰው በመካከላቸው አልገባም፤ የበላቸው ዝምታው ነው።

መለወጥ ምን ይጠቅማል ለሚል የጋሽ ሽበሺን ሱቅ ሄዶ ማየት ነው። ዛሬ በአምስተኛው ወር እጃቸው ረግቶ ክር በአንድ ጊዜ ይገባላቸዋል። ይበላሉ፣ ይተኛሉ፤ ሰው ሲያወሩ ፊት ለፊት ነው የሚያወሩት። አጥቢያውም ሐዳሳን ጠርቶ አስተምሪን ብሏታል፤ ከመጠጥ ወጣሁ ብሎ የሚመሰክር ሰው ሲገኝ ሁለት ወንድሞች ወር ሙሉ በየጠዋቱ ቤቱ እየሄዱ እንዲጠይቁት፣ ሐኪም ዘንድም አብረውት እንዲሄዱ ተወስኗል። ያለ ሐኪም በድንገት ያቆመ ሰው በሽታውን ኃጢአት ነው ብሎ እንዳይሸሸግ ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ያልተመለሰው ግን አልተመለሰም። ከዚያ እሑድ በኋላ በመጣው ቅዳሜ፣ ክፍሉ ውስጥ ተራቸው ሲደርስ ጋሽ ሽበሺ ስማቸውንም አልተናገሩም። የእትዬ አለምነሽን ቃል እንዳለ ነገሯቸው።

«ሦስት ዓመት ጠብቃኛለች» አሉ። «እኔ የምነግረው ሰው የለኝም አሁን። ከእናንተ መካከል ቤቱ የሚጠብቀው ሰው ያለው ካለ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ይንገረው። አስተካክዬ ልንገር አይበል። ዝም ብሎ ይንገር።»

ናዲያ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ስክሪኑን ትንሽ አይታው ተነሳችና ወደ በረንዳው ወጣች። «ሄሎ፣ ሥራ ላይ ነህ?» ስትል ተሰማ። ከዚያ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።