ሁሉን የሚያውቀው አጎት

ጋሽ ፈቃደ ከሲቀላ ገበያ ሙዛቸውን ሸክፈው ወደ ሴቻ በሚወጣው ሚኒባስ ሲሳፈሩ፣ ከጎናቸው የተቀመጠችው የጥንት ተማሪያቸው ሐሴት ሆና ተገኘች። ዛሬ እሷም እንደ እሳቸው የአማርኛ መምህርት ናት። ሰላምታው እንዳበቃ ወሬው ወደ ቴአትር ዞረ፤ ጡረታ የወጣ መምህር ሌላ ምን ወሬ አለው!

"ያንን እርስዎ ያዘጋጁት የነበረውን ቴአትር ዘንድሮ እኛ ልናሳየው ነው" አለች።

ጋሽ ፈቃደ ደስ አላቸው። በቴአትሩ አንዲት ልጅ ለማትወደው ሰው ትዳራለች፤ በሠርጓ ማለዳ ሐይቅ ገብታ ትሞታለች፤ ተመልካቹም እያለቀሰ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

"አይ ያ ጨካኝ አባት!" አሉ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ እኔስ ጥፋተኛ የምለው አጎትየውን ነው።"

"አጎትየውን? እሱ እኮ ሁለት ቃል ተናግሮ የሚወጣ ሰው ነው!"

"ጥፋቱም እሱ ነዋ! ልጅቱ የልቧን የነገረችው ለእሱ ብቻ ነው። አባትየው ቢሰማ ምን ይወስን እንደነበር ማን ያውቃል? አጎትየው ግን ሁሉን እያወቀ ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጣል።"

"ልጄ፣ ሽማግሌ የሰማውን ሁሉ አያወራም። ዝምታ ወርቅ ነው።"

"ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራልም ይባላል፣ ጋሼ።"

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ ረዳቱም ሳይቀር። ጋሽ ፈቃደ ግን ሳቁ አልመጣላቸውም። ለካ ነገሩ የሚነካቸው እሳቸውን ኖሯል። የፊታችን እሑድ የሰፈራቸው ወጣት የቴዎ ሽማግሌ ሆነው የጎረቤታቸውን የአቶ ይበልጣልን ልጅ፣ ኢያኤልን፣ ሊጠይቁ ቀጠሮ ይዘዋል። ኢያኤል ደግሞ ትናንት በአጥር በኩል ጠርታ፣ "ትምህርቴን ሳልጨርስ ማግባት አልፈልግም። አባቴን ፈርቼ መናገር አቃተኝ፤ እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ" ብላቸዋለች። እሳቸውም "እሺ ልጄ" ብለው ዝም። የወንድ ወገን ሽማግሌ የሴቷን እምቢታ እንዴት ተሸክሞ ይሄዳል? ነውር ነው!

"አጎትየው ነውር ቢሆንበትስ?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ነውሩ አንድ ሰሞን ተወርቶ ይረሳል። ሠርጉ ከተበላ በኋላ ግን እውነቱ ቢነገር ማንን ይጠቅማል? ሽምግልና እኮ ደስ የሚለውን ብቻ ማድረስ አይደለም፣ ጋሼ። የሁለቱንም ወገን ቃል ሳይሸራርፉ ማድረስ ነው።"

ጋሽ ፈቃደ ጥቂት አሰቡና "ወራጅ አለ!" ብለው ጮኹ።

"ቤትዎ ገና ነው እኮ!"

"የይበልጣል መሥሪያ ቤት እዚህ ነው" ብለው ወረዱ።

አቶ ይበልጣል ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። "እኔ እኮ እሷ ዝም ስትል የወደደች፣ አንተ ዝም ስትል ደግሞ ጠይቀህ ያረጋገጥክ መስሎኝ ነው!" አሉ። ቴዎም ሲነገረው ከፋው እንጂ አልተቀየመም፤ ሳትወደው ከምታገባው ዛሬ ማወቁን መረጠ።

እንግዲህ ተመልከቱ፤ በጊዜው የተነገረ አንድ ቃል ልጅቱን ለትምህርቷ፣ ወጣቱን ለምትወደው፣ ሁለቱን ቤቶች ለጉርብትናቸው አተረፈ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለዚህ ነው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ አልቀሩም፤ አቶ ይበልጣል በገዛ እጃቸው የጠበሱትን የጫሞ ዓሣ ሊበሉ ተሰበሰቡ። ሁሉም ለአክብሮት "ግሩም ነው፣ ግሩም ነው" ሲል፣ ኢያኤል ቀምሳ ቀና አለችና፣

"አባዬ፣ ጨው በዝቶበታል" አለች።

አባቷም ቀመሱት። "እውነትሽን ነው" አሉ።