በፈላ ውሃ የታጠበው የጥርስ መከላከያ

ጋሼ ምስማር ያን ቀን ጠዋት ሊያገኙት የማይፈልጉት አንድ ሰው ቢኖር ከላይኛው ፎቅ የሚኖረው የጎረቤታቸው ልጅ ነበር። ደረጃው ግን ጠባብ ነውና ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ልጅዎ ትናንት ደውላልኝ ነበር። የጥርስ መከላከያዋ ጠፍቶባት ታለቅሳለች።»

«ይጠፋል እንጂ ልጄ፤ የማይጠፋ ዕቃ አለ?» አሉና ኮት ኪሳቸው ውስጥ ያለውን እጃቸውን ጠበቅ አደረጉ። ዕቃው ያለው እዚያ ነበር።

ጋሼ ምስማር የሶፋና የወንበር አዳሽ ናቸው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ቀኑን ሙሉ ትንንሽ ምስማሮች በከንፈራቸው ይዘው፣ በምላሳቸው አንድ በአንድ እየገፉ ስለሚመቱ ነው። ሌላው የሚታወቁበት ጠባይ ጥርጣሬ ነው። ወተት ሳያሸቱ አይጠጡም። ታመው ሐኪም ቤት የሄዱ ጊዜ እንኳ ስለ ሐኪሙ ጠባይ ወረፋ የያዘውን ሰው ሁሉ ሳይመረምሩ መድኃኒቱን አልዋጡም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ። ልጁ ደግሞ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ የጓሮ ክፍል ውስጥ የሰው ጥርስ ቅርጽ በጄሶ ሲያወጣ የሚውል ነው። ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል፤ አይደለሁም ብሎ ቢምል ሰሚ አጥቶ ተወው።

የጋሼ ምስማር የመጨረሻ ልጅ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። መከላከያው ይኸው የጎረቤት ልጅ የሠራላት፣ በጨዋታ ጊዜ ጥርሷ ላይ የምታጠልቀው የፕላስቲክ ሽፋን ነው። አሠልጣኟ «መከላከያ የሌላት ሜዳ አትገባም» ብላለች፤ ጨዋታው ደግሞ በማግስቱ ነው። ልጅቷ ቤቱን ስትገለብጥ አባትየውም አልጋ ሥር ሳይቀር ተንበርክከው አብረዋት ፈልገዋል፣ ያውም ዕቃውን በኪሳቸው ይዘው!

«እስቲ ወደ ሥራ ቤቴ ጎራ በል» አሉት ልጁን። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። እውነቱን ነው ታዲያ!»

«ዋሽቼዎት አውቃለሁ ጋሼ?»

«እሱን ነው የምናጣራው።»

አንጀቱ የወጣ ወንበር ላይ አስቀመጡትና ፊት ለፊቱ ቆሙ።

«የልጄን ጥርስ በጄሶ ቀርጸህ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠሃል አሉ። የሰው ጥርስ ማጠራቀም ምን የሚሉት ሥራ ነው?»

«መከላከያው በልኳ የሚሠራው በዚያ ቅርጽ ላይ ነው ጋሼ። ልብስ ሰፊስ ሳይለካ ይሰፋል?»

«ልብስ ሰፊ ለክቶ ሲያበቃ ትከሻዬን መደርደሪያ ላይ አያስቀምጥም። ይሁን፣ እለፈው። ጋሻ የሚታደለው ጦር ሲመጣ ነው። ጨዋታው ጨዋታ ከሆነ ጋሻ ምን ይሠራል? ጦርነት ከሆነ ደግሞ ልጄ እዚያ ምን ትሠራለች?»

«አሁን የወረድንበት ደረጃ መደገፊያ ብረት አለው። ሰው እንዲወድቅ ነው የተሠራው? ቅርጫት ኳስ ላይ ክርን አለ፣ ግጭት አለ። ማንም ሳያስበው አንድ ክርን የፊት ጥርስ ይዞ ይሄዳል። የወለቀ ጥርስ ደግሞ እንደ ጥፍር ተመልሶ አያድግም።»

«እኛ ምን ነክሰን አደግን?»

«አፍዎን ይክፈቱልኝና ልመልስልዎት።»

ጋሼ ምስማር አፋቸውን ጥርቅም አደረጉ። የፊት ጥርሶቻቸውን ጫፍ ምስማር በልቶታል፤ አንደኛው በልጅነታቸው በኳስ ሜዳ ቀርቷል። ግን በዚህ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«ገባኝ» አሉ ጣታቸውን እየነቀነቁ። «ይሄ የናንተ ገበያ ነው!»

«የኛ ገበያ የሚደራው ጥርስ ሲረግፍ ነው እንጂ ጋሼ! ሁሉም መከላከያ ቢያደርግ እኮ ግማሻችን ሥራ እንፈታለን።»

ይህን አላሰቡትም ነበር። ሲናደዱ ከአፋቸው የሚወጣውን አይመርጡምና፣ «ደህና ዕቃ ከሆነ ታዲያ የፈላ ውሃ ለምን ያኮማትረዋል?» ብለው ጮኹ።

ልጁ ከወንበሩ ቀና አለ።

«ጋሼ…» አለ ልጁ ቀስ ብሎ፣ «ስለ ፈላ ውሃ ማን ነገረዎት?»

መርማሪው ተያዙ። እጃቸው ሳይወድ ከኪስ ወጣ። መከላከያው እንደ ደረቀ የሎሚ ልጣጭ ተጠቅልሏል።

«ሌላ ሰው አፍ ውስጥ የገባ መሰለኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሻወር ቤት ሳገኘው ልጄ በሽታ እንዳታመጣ ብዬ ማንቆርቆሪያዬን ጣድኩና አፈሰስኩበት። እንደዚህ ሲሆን ደግሞ… እንዴት ብዬ ልንገራት?»

እዚህ ላይ ጋሼ ምስማርን አንፍረድባቸው። መጠርጠራቸው ክፉ አልነበረም፤ የአባት አንጀት ነው። ጥፋታቸው ጠርጥረው አለመጠየቃቸው ነው። ጥርጣሬ ጠይቆ ከተማረ ጥበብ ይሆናል፤ ዝም ብሎ ማንቆርቆሪያ ከጣደ ግን ይኸው ነው።

ልጁ አልሳቀም። ከጠረጴዛው ላይ የተጨማደደች ቁራጭ ቆዳ አነሳ።

«ይቺ ለምንድን ናት ጋሼ?»

«ልጬ ያለሰለስኩትን የወንበር እግር በመዶሻ ሳስገባ ጣል የማደርጋት ናት። እንጨቱ እንዳይጎዳ።»

«እሷን ካደረጉ በኋላ መዶሻው አይመታም ማለት ነው?»

«እንዴት አይመታም? ይመታል እንጂ። ቆዳዋ ምቱን ትቀበልና ትበትነዋለች፣ እንጨቱ…» ብለው አቆሙ። ቆዳዋን ተቀብለው አገላበጧት። ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ወንበር እግር ሲያደርጉት የኖሩትን ለገዛ ልጃቸው ጥርስ ነፍገዋል።

«እስከ ነገ ይደርሳል?» አሉ።

«ጄሶው አለ። ያ የጠሉት ጄሶ! ዛሬውኑ አዲስ አወጣበታለሁ። ግን ይስሙኝ፦ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ነው የሚታጠበው። አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ባለው ሣጥን ይቀመጣል፣ ለጓደኛ አይዋስም፣ ከተሰነጠቀ ይቀየራል።»

«ምክሬም ከምስማርህ ጋር ይዋጥልህ በለኛ!» ብለው ሳቁ፤ ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «ለልጅቷ እኔው እነግራታለሁ።»

ነገሯት። አኮረፈች፤ እራት ላይ ግን «አባዬ፣ ሾርባው ፈልቷል፣ ጥርሴን ልጠብበት?» አለቻቸው። ይቅርታዋ እሱ ነበር።

በማግስቱ በጨዋታው መሐል አንዷ ተጋጣሚ ክርኗን ስትሰነዝር የጋሼ ምስማር ልጅ አፏን ይዛ ተዘረረች። አባትየው ከወንበራቸው ተነስተው ሜዳው ጠርዝ መድረሳቸውን አላወቁትም። ልጅቷ ቀና አለች፤ ከንፈሯ ትንሽ አብጧል። መከላከያዋን አወጣችና ወደ አባቷ ዞራ ጥርሷን ሁሉ አሳይታ ሳቀች። ጋሼ ምስማር ያን ያህል ቆንጆ ነገር አይተው አያውቁም።

እንግዲህ ቁም ነገሩ ይኸው ነው። መከላከያ ክርንን አያስቀርም፤ ምቱን ግን ይበትናል፣ ጥርስን ከመሰበርና ከመውለቅ፣ ከንፈርንና ምላስንም በገዛ ጥርስ ከመቆረጥ ያድናል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

ጋሼ ምስማርም ከዚያ ወዲህ ምስማሮቻቸውን ከአፋቸው አውጥተው በቆርቆሮ ክዳን ላይ ያስቀምጣሉ። ጥርሳቸው ተረፈ፤ የተጎዳው ሰፈሩ ነው። ድሮ ምስማሩ አፋቸውን ይዞ ያሳጥረው የነበረውን ምርመራ አሁን ደንበኛው ሁሉ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ይሰማል።