ከሳክስፎኑ ላይ የጠፉት ሁለት ፊደላት

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የጋሽ ትንፋሽ ባለቤት በምታስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል ተቀምጣ የተማሪዎቿን ፈተና ስታርም፣ ከጥገና ቤታቸው ጎን ያለው ቆዳ ነጋዴ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ሸሚዙ ከአንገቱ እስከ ሆዱ በደም ርሷል። «እትዬ፣ ተነሺ፤ ጋሽ ትንፋሽን ወንድማቸው መታቸው» አለና ከዚያ በላይ መናገር አቃተው። ቀይ እስክሪብቶዋን እንደጨበጠች ወጣች።

ዛሬ የምንሰናበታቸው፣ ሰፈርተኛው ሁሉ «ጋሽ ትንፋሽ» እያለ የሚጠራቸው የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ፣ ከሳክስፎን ተጫዋች አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የተወለዱት ከስድሳ ሦስት ዓመት በፊት ነው። ሳክስፎኑን መጀመሪያ የገዙት አያታቸው ሲሆኑ፣ ከአያት ወደ አባት የተላለፈው ይኸው መሣሪያ በቤቱ ውስጥ ከሰው በላይ የተከበረ፣ ከቁም ሣጥኑ ላይኛ መደርደሪያ ተኝቶ የሚውል፣ ልጆች ቀና ብለው እንኳ ለማየት የሚፈሩት ዕቃ ነበር።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ፣ አባታቸው ገላቸውን ለመታጠብ ሲገቡ እሳቸው ወንበር ላይ ወጡና ሳክስፎኑን አወረዱት፤ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ተራ በተራ ሲነፉ አምልጧቸው ወደቀ፤ ሰፊው አፉም ተጨረመተ። አባትየው ሳሙናው ከገላቸው ሳይወርድ ወጥተው በቀበቶ ዘለበት ገረፏቸው። እሳቸው ታናሻቸውን ከኋላቸው ከልለው የሁለቱንም ድርሻ ብቻቸውን ተቀበሉ፤ በግራ ቅንድባቸው ላይ የምታውቁት ጠባሳም የዚያን ቀን ነው። እናታቸው ደሙን በጨርቅ ቁራጭ ይዘው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅ ነው እኮ፣ ቆርቆሮ አይደለም!» ብለው ቢጮኹ የጥፊ ተካፋይ ሆኑ። በማግሥቱ ግን እኚያው አባት፣ ለማንም ምንም ሳይናገሩ፣ የሁለቱን ልጆቻቸውን ስም የመጀመሪያ ፊደል በሳክስፎኑ አፍ ጠርዝ ላይ በሚስማር ጫሩ። ይቅርታ ማለት የማይሆንላቸው ሰው ይቅርታቸው ያች ነበረች። ወንድማማቾቹም አባታችን ይወደናል ወይ ብለው በተጠራጠሩ ቁጥር፣ ተደብቀው ሄደው እነዚያን ሁለት ፊደላት በጣታቸው ይዳስሱ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት እንዳጠናቀቁ አባታቸው ስላረፉ፣ ሳክስፎኑን ተረክበው በመጠጥ ቤት ባንድ ውስጥ መጫወት ጀመሩ። በሃያ አራት ዓመታቸው አንድ ሰካራም መድረክ ላይ ወጥቶ መሣሪያውን ሊነጥቃቸው ሲታገል በወንበር እግር መንጋጋውን ሰበሩት። ይህን መደበቅ አይገባም፤ እሳቸውም ደብቀውት አያውቁም። ስድስት ወር ሲታሰሩ ታናሻቸው አንድ ቀን ሳያጓድል ምግብ አመላለሰላቸው። ሲፈቱም፣ «በኛ ቤት ሳክስፎን የያዘ ሁሉ ይማታል፤ እኔ ላይ ይብቃ» ብለው መድረኩን ተዉት፤ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተውም የተጨረመተ መለከትና ትንፋሽ የሚያመልጠው ክላርኔት መጠገን ያዙ። ከዚያ ወዲህ በሰው ላይ እጃቸውን አንስተው አያውቁም።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም እዚያው ነው። የትምህርት ቤቱን መለከት ልታስጠግን ብትመጣ፣ ገልበጥ አድርገው አዩትና፣ «እቃው ጤነኛ ነው፤ ነፊውን አምጪልኝ» አሏት። እሷም ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሄደች፤ በሳምንቱ ምንም ያልተበላሸ ሌላ መለከት ይዛ ተመለሰች። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራቸው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል፤ ልጆቻቸውም የአባት ቁጣ እንጂ የአባት ዱላ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አደጉ።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ሳንባቸው ታምሞ ሐኪም ማታ ማታ ለራሳቸው መንፋትን እንኳ ከለከላቸው። ሳክስፎኑ ዝም አለ፤ ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት ቆዳዎች ደረቁ፤ ነሐሱም አረንጓዴ መምሰል ጀመረ። ይህን ማየት ቢያቅታቸው ለአንዲት ወጣት ተጫዋች ሊሸጡት ወሰኑና የጭነት መኪና ሹፌር ለሆነው ወንድማቸው ደወሉ።

«ጋሼ፣ የአባባን ዕቃ? አብደሃል?» አለ ወንድማቸው።

«አንተ ልትነፋው ነው ወይስ ግድግዳ ላይ ሰቅለህ ልታፈጥበት?»

«እሺ፣ አንተ ካልክ። ግን ፊደላችን እንዳለ ይሂድ። እሱን እንዳትነካብኝ።»

እሳቸውም አይነካም ብለው ቃል ገቡ። ነገር ግን ጠጋኝ ናቸውና፣ «ሙሽራ ሳትታጠብ አትወጣም» ብለው በሚሽከረከረው መወልወያ ሊያጸዱት ተቀመጡ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የተለማመደው እጃቸው እንደ ልማዱ ጠርዙን ዞረ። መወልወያውን አጥፍተው ሲያዩ ሳክስፎኑ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ፊደላቱ ግን የሉም። ቤት ገብተው ምግብ አልቀመሱም። ባለቤታቸው «አሁኑኑ ደውልና ንገረው» ብትላቸው፣ «ይሄ በስልክ አይባልም። መንገድ ላይ ነው፤ ከነመኪናው ገደል ይገባብኛል። ሲመጣ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ» አሏት። ቅዳሜ ዕለት ሳክስፎኑን ለልጅቱ አስረከቡ።

ወንድምየው ማክሰኞ ጠዋት ከመንገድ ሲገባ፣ የአባቱን ዕቃ አንድ ጊዜ ሊያይ በቀጥታ ወደ ልጅቱ ቤት ሄደ። የሚያብለጨልጭ፣ ፊደል የሌለበት ሳክስፎን አወጣችለት። ወንድሜ የአባታችንን ደብቆ ሌላ ሸጠ ብሎ ደመደመ፤ ደሙ ፈልቶም ጥገና ቤቱ ደረሰ። ቆዳ ነጋዴው እንደሚለው፣ «የአባባን የት ደበቅከው? ሌባ!» የሚል ጩኸት ሰማ፤ ቀጥሎም የጋሽ ትንፋሽን ድምፅ፣ «ቁጭ በል፣ የኔ ወንድም፤ ልንገርህ።» የተጨረመተ ነሐስ ከውስጥ የሚገፋበት ጫፈ ድቡልቡል የብረት ዘንግ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የመጀመሪያው ምት ክንዳቸውን ሰበረ። እሳቸው ያልተሰበረውን ክንድ እንኳ መልሰው አላነሡም። ሁለተኛው ጭንቅላታቸውን አገኘው፤ ሦስተኛው ሳያርፍ ነጋዴው ወንድምየውን ወገቡን ይዞ ጣለው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ባለቤታቸው የሆስፒታል አልጋቸው አጠገብ ሳለች፣ ለጥቂት ጊዜ ነቁ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሂጂና ንገሪው። ከወንድምነትም እንዳታስወጡት» አሏት። ባለቤታቸው በዚያች ሰዓት የምትመኘው የዚያን ሰው ሞት ነበርና፣ «እጁ ይቆረጥ!» አለቻቸው።

«እጁ ተቆርጦ እኔን በምን ይሸከመኛል?» አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ አረፉ።

ትናንት ባለቤታቸው ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ለወንድምየው እውነቱን ነገረችው። ሁለት ፖሊሶች ተረባርበው እስኪጥሉት ድረስ ግንባሩን ከግድግዳው ጋር አጋጨ። ወለሉ ላይ ተጭነውት ሳለ፣ «እትዬ፣ ጋሼን ልቅበረው?» አላት። ወጥታ ወደ ቤቷ ሄደች። ይህን ጽሑፍም ሁለት ጊዜ ጻፈችው፤ በመጀመሪያው ላይ ከሚከተሉት ሰዎች አንዱ አልነበረበትም።

ጋሽ ትንፋሽ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ወንድማቸው እዚህ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል። ሬሳውን ሲያነሡ እጁ ከካቴና እንዲፈታለት ባለቤታቸው ለምና ተፈቅዶላታል፤ የቃሬዛውን የፊት ቀኝ ጫፍ ይይዛል። ማንም እንዳይከለክለው፣ ማንም እንዳይሰድበው አደራ ትላለች። የቀረውን ሕግ ያየዋል።

እናንተም ለመቅበር የመጣችሁ ሁሉ፣ ድንጋይ ለማንሣት የቃጣ እጅ ካለ ይታጠፍና፣ ለእኚህ ሰው ነፍስ ጸልዩ። ተመትተው መልሰው አልመቱምና፣ አምላክ ዱላ በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን።