በሌላ ሰው ስም

የክርስትናው ድግስ አብቅቶ እንግዳው ከኖርዝ ሜልቦርኑ አዳራሽ ሲወጣ፣ አዛርያስ ወንበሮቹን እየደራረበ ወደ ቫኑ ማመላለስ ጀመረ። ሥራው የሰርግና የክርስትና አዳራሽ ማስጌጥ ነው። ወርቅማ ወንበሮቹን፣ መብራቶቹን፣ የዳንስ ወለሉን ሳይቀር የገዛው በክሬዲት ካርድ ነበር፤ ገበያው ከቀዘቀዘ ወዲህ ደግሞ የአንዱን ካርድ ዕዳ በሌላው እየከፈለ ቆይቷል። አሁን ግን ለእሱ አዲስ ካርድ የሚሰጥ ባንክ ጠፋ። ስለዚህ አበባ የምትሰካለትን ኑሀሚንን፣ "በአንቺ ስም እናውጣና የኔን ዕዳ ወደዚያ እናዙረው፤ የምከፍለው እኔ ነኝ" ብሎ ለመናት። ልጅቷ ከአዲስ አበባ ከመጣች ብዙም አልቆየችም፤ ይሉኝታ ያዛትና እሺ አለችው። ዕቃው ተጭኖ ሲያልቅ ቫኑ ውስጥ ቁጭ ብለው ማመልከቻውን በስልኳ ሊሞሉት ተቀጣጥረዋል።

ኑሀሚን ከየጠረጴዛው ላይ አበባ ስትለቅም፣ የድግሱን ወጥ የሠሩት እትዬ በለጥሻቸው ትሪ እየወለወሉ አጠገቧ መጥተው ቆሙ።

"የዛሬውን ቀን አየሽልኝ፣ የኔ ልጅ? ጠዋት ብርድ፣ ቀትር ላይ ሐሩር፣ አሁን ደግሞ ዝናብ። የዚህ አገር ሰማይ እኮ ጃኬት አያስጥልም… አበባው ግን እንዴት ያምራል። እጅሽ ይባረክ። እኔ የማውቃት አንዲት ልጅም እንዲሁ አበባ ትሰካ ነበር።"

አዛርያስ ያነሳውን ወንበር መልሶ አስቀመጠ። "አንዲት ልጅ" ያሏት የገዛ ልጃቸው ቅድስት ናት። ከኑሀሚን በፊት ከእሱ ጋር የሠራችው እሷ ነበረች፤ ከካርዶቹም አንዱ የወጣው በእሷ ስም ነው።

"አሰሪዋ መቼም ምን የመሰለ ሰው መሰለሽ… ስሙን ምን አደርገዋለሁ፣ ደግ ሰው ሲያመሰግኑት ያፍራል። አለባበሱን ብታዪ፣ መኪናውን ብታዪ… ለራሱ የሚሰስተው ነገር የለም። ልጅቷን 'እህቴ' ነበር የሚላት። እህት ደግሞ እንዴት አድርጋ እምቢ ትላለች? ካርዱን በስሟ አወጣላት። ሌላው አሰሪ ደሞዙን ሰጥቶ ይሸኛል፤ እሱ ግን ከንግዱ አካፈላት። ትርፉ ለእሱ… የቀረው ለእሷ። ከዚህ ወዲያ ሽርክና ምን አለ?"

አዛርያስ ጆሮው ጋለ። መጀመሪያ ላይ እኮ በትክክል ይከፍል ነበር። አንድ ትልቅ ሰርግ ሲፈርስበት አንድ ወር አሳለፈ፤ ቀጥሎ ሌላውን። ቅድስት ስትደውል "በሚቀጥለው ሳምንት" ይላት ነበር፤ በኋላ ስልኳን ማንሳት ተወ። ጥሎ ለመውጣት ቢያስብም ወንበሮቹ ገና አልተጫኑም፤ በሩም ያለው በእትዬ በኩል ነው።

"ለቸገረው ነጋዴ እኮ እዚህ አገር መንገድ ሞልቶለታል" አሉ እትዬ፣ ትሪውን ወደ ብርሃን አዙረው እያዩ። "ባንኩ ጋ ደውሎ 'መክፈል አቃተኝ' ቢል በአቅሙ እንዲከፍል ይነጋገሩታል፤ አንዳንዴም ወለዱን ይቀንሱለታል። በስልክ የሚያማክሩም አሉ፣ በነጻ፣ ወረቀቱን ሁሉ አብረውት የሚያዩለት። ዕቃውን ሸጦ አነስ አድርጎ የጀመረም አውቃለሁ። ግን ይሄ ለእንደኔ ዓይነቱ ተራ ሰው ነው… እሱን የመሰለ ሰው 'ቸገረኝ' ይላል? መኪናውን ሸጦ ባቡር ላይ ይሰቀላል? ሰውስ ምን ይለዋል? ደግሞ እነዚያ አማካሪዎች ክፋታቸው፣ የሚጠይቁት የራስን ስም ነው።"

የኑሀሚን እጅ አበባው ላይ ቀረ። ቀና ብላ በአዳራሹ ማዶ አዛርያስን አየችው። እሱ መሬት መሬቱን ሲያይ ደግሞ የሚወራው የማን ወሬ እንደሆነ ገባት።

"ልጅቷም ብትሆን ተጠቅማለች እንጂ አልተጎዳችም። ክሬጊበርን ሰፈር መጋዘን ውስጥ በላይ በላዩ ሺፍት ትሠራለች፤ ቀጥነሽ አማረብሽ ይሏታል፣ ለጂም አንድ ሳንቲም ሳታወጣ። ቤት ልትገዛ ባንክ ብትሄድ በስሟ ባለው ዕዳ መለሷት። ይኸው ሰንሻይን ዌስት ከእናቷ ጋር ናት… ይህን ያህል ዓመት ልጇን ከጉያዋ የማታጣ እናት ስንት አለች? ይህን ያደረገላት እሱ አይደል ወይ? እናቲቱም በየድግሱ ወጥ እየሠራች ታግዛታለች። ቤት ከመዋል ይሻላል፣ ጉልበቷም ይፍታታል።"

ኑሀሚን የለቀመችውን አበባ ባልዲው ውስጥ አስቀመጠች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አነገተች፣ የእትዬን ትልቁን ድስት በሁለት እጇ አቅፋ ወደ እሳቸው መኪና ሄደች፣ ድስቱን ከኋላ ጭና ከፊት ወንበር ተቀመጠች። አዛርያስ በአዳራሹ መስኮት ሲያያት ሊጠራት ፈልጎ ነበር፤ ግን ወደ ወንበሮቹ ዞረ። ቀጠሮው በዚያው እንደቀረ አወቀ። የሚገርመው፣ ከንዴቱ ሥር አንድ ነገር ቀለል አለው። የሚስቱን ምክርም አስታወሰ፤ የነጻ አማካሪዎቹን ስልክ ቁጥር ከላከችለት ቆይታለች፣ እሱ ግን አንድም ቀን ደውሎ አያውቅም።

ኑሀሚንን እስከ በሩ የሸኙት እትዬ ተመለሱ። በፎይል የተጠቀለለ ምግብ ይዘው ፊቱ ቆሙ፤ ከቅድም ጀምሮ አንዴም ያላዩትን ሰው አሁን ዓይኑን እያዩ ነበር። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ሊመርቁት መሆኑን ሲያውቅ፣ እንደ ልማዱ አንገቱን ደፋ።

"ይህን ለሚስትህ ስጥልኝ፣ ልጄ። ወሯ ገብቷል አሉኝ… ሴት ናት አይደል? እሰይ። ማርያም በሽልም ታውጣት። ሕፃኗን እግዜር ያሳድግልህ፣ ልቧም እንደ እኔ ልጅ ልብ የዋህ ይሁን፣ ሰው አማኝ… አድጋ ሥራ ስትይዝ ደግሞ፣ እንደ አንተ ያለ አሰሪ ይግጠማት።"