ወንበር የሚለዋወጡት መነጽር ሠሪ

ወገኖቼ፣ የጋሼን የሕይወት ታሪክ ለማንበብ የቆምኩት ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። እንዳላንዛዛ የቤተሰቡ ሴቶች አስጠንቅቀውኛል፣ እኔም ቃል ገብቻለሁ፤ ይሁን እንጂ እሳቸው ራሳቸው አንድን ነገር ሳያገላብጡ የማይለቁ ሰው ስለነበሩ፣ ጥቂት ባረዝም የሚቀየሙኝ አይመስለኝም።

ጋሼ ከመነጽር ሠሪ አባታችንና ከመምህርት እናታችን የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ልጅነታቸውን በአብዛኛው ያሳለፉት አባታችን ዓይን በሚመረምሩበት፣ መስኮቱ በጥቁር መጋረጃ በተሸፈነው ክፍል ሲሆን፣ በመጋረጃው ቀዳዳ የምትገባውን ቀጭን ብርሃን በተሰነጠቀ ሌንስ እየተቀበሉ በግድግዳው ላይ ሲያንሸራሽሩ፣ ለምሳ የሚጠራቸው የእናታችን ድምፅ እንደ ሕልም ከሩቅ ይሰማቸው እንደነበር ደጋግመው አጫውተውናል። በትምህርታቸው ጎበዝ ነበሩ፤ ነገር ግን ለተጠየቁት ሁሉ አስቀድመው «ቆይ እስቲ» ብለው ጣሪያ ጣሪያውን ስለሚያዩ፣ ቃሉ ቅጽል ስማቸው ሆኖ ቀረ። በሠርጋቸው ዕለት ቃል ኪዳን ሲጠየቁም «ቆይ እስቲ» ብለዋል እየተባለ ይታማሉ፤ ይህ ሐሰት መሆኑን እዚህ ቆሜ እመሰክራለሁ።

የአባታችንን ሙያ ተምረው ሱቁን ከተረከቡ በኋላ፣ ያች ጨለም ያለች ክፍል ሌላ ሥራም ያዘች። ዓይኑን ሊመረመር የገባ ሰው፣ «ይኼ ይሻላል ወይስ ይኼኛው?» እየተባለ ሌንስ ሲቀያየርለት ቆይቶ፣ ሳያስበው በልቡ ያለውን ያወጣ ነበርና፣ እግዚአብሔር ስለ መኖሩ፣ ስለ ክፋት፣ ስለ ትንሣኤ የማይጠየቅ ነገር አልነበረም። ጋሼ ታዲያ ተነሥተው «በል ወንበር እንለዋወጥ» ይላሉ፤ በተመርማሪው ወንበር ተቀምጠው የሰውየውን ጥያቄ ከራሱ ከጠያቂው አጠንክረው ያቀርቡና፣ ሰውየው «ልክ ነው፣ ያልኩት ይኼንኑ ነው» እስኪል ድረስ አንድም ቃል አይመልሱም። ያልተረዱትን ሰው መርታት እንደ ሌብነት ይቆጥሩት ነበር።

ጎረቤታቸው ባለመድኃኒት ቤቱ አንድ ቀን ወንጌላቱ በዝርዝራቸው ስለሚለያዩ አይታመኑም ብለው ተነሡ። ጋሼም ወንበር ተለዋውጠው፣ ሰውየው ያልጠቀሱትን ልዩነት ሳይቀር እየጠቀሱ ከተከራከሩላቸው በኋላ፣ ምስክሮች ቃል በቃል አንድ ዓይነት ከተናገሩ ዳኛ ተማክረዋል ብሎ እንደሚጠረጥር፣ በዝርዝሩ ተለያይተው በዋናው ከተስማሙ ግን እያንዳንዱ በቆመበት ሆኖ ያየውን መናገሩ እንደሆነ አስረዱ። ባለመድኃኒት ቤቱ «ዳኛም እኮ ይሳሳታል» ብለው ወጡ፤ በማግሥቱም ተመለሱ። እስከ ዛሬ አላመኑም፤ ዛሬ ግን የጋሼን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው።

ጋሼ ልብስ ሰፊ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር በፍቅር ኖረው፣ ዛሬ ሐኪም የሆነችውን አንዲት ልጃቸውን ወለዱ። ባለቤታቸው ታመው ባረፉ ጊዜ፣ ልጅቱ በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆማ፣ እግዚአብሔር መፈወስ የሚችል ከሆነ እናቴን ለምን አልፈወሳትም ብላ አባቷን ጠየቀች። ጋሼ በዚያች ሰዓት «ቆይ እስቲ» አላሉም፤ ወንበርም አልተለዋወጡም፤ ስለ ወደቀው ዓለም፣ ስለ ተስፋው፣ ስለ ትንሣኤው፣ ስሕተት የሌለበት መልስ እዚያው አከታትለው ነገሯት። የእናቷ ጫማ ገና በእጇ ነበር።

ከዚያ በኋላ ልጅቱ አባቷን እየመጣች መጠየቅ አልተወችም፣ ጉንጫቸውን ትስማለች፣ መድኃኒታቸውን ታመጣለች፤ ጸሎት ሲጀመር ግን ብድግ ብላ ወደ ወጥ ቤት ትገባና የታጠበውን ዕቃ እንደገና ታጥባለች። ያ የውኃ ድምፅ ለጋሼ የእግር እሳት ሆነባቸው። ባዕዱን ሁሉ ሲያስረዱ ኖረው የገዛ ልጃቸውን በመልስ እንዳጡ ያምኑ ነበር፤ ለእኔም «ያን ወንበር ፈራሁት፣ ጥያቄዋ የእኔም ነበርና» ብለውኛል።

ሕመሙ በጠናባቸው ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በመኝታ ቤታቸው መጋረጃ በኩል ቀጭን ብርሃን ገብታ ግድግዳው ላይ ስትንቀሳቀስ ጋሼ ለረጅም ጊዜ ሲያይዋት ቆዩና፣ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጃቸውን «ወንበር እንለዋወጥ» አሏት። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ደግፋ በእሷ ወንበር አስቀመጠቻቸው፤ እሷም በአልጋቸው ጋደም አለች። ጋሼ በልጃቸው ቦታ ሆነው ወደ ፈጣሪ ቀና ብለው፣ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ አምናህ ስትጠራህ የት ነበርክ፣ እጅህ አጥሮ ነው ወይስ ልብህ ጨክኖ እያሉ የልጃቸውን ክስ ልጃቸው ከከሰሰችው በላይ ከሰሱ፤ እንባቸው ወረደ፤ መልስ አልጨመሩም።

ልጅቱ በአባቷ ትራስ ላይ ሆና ጣሪያውን እያየች «ቆይ እስቲ» አለች። ቆይታም፣ «አባዬ፣ መልሱን አላገኘሁትም፤ ግን በሌለ ሰው ላይ ይኼን ያህል ዓመት አይኮረፍም» አለቻቸው። ጋሼ ሳል እስኪያንቃቸው ድረስ ሳቁ። በዚያ ምሽት ጸሎት ሲጀመር ከወጥ ቤት የውኃ ድምፅ አልተሰማም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ረፋድ ላይ፣ እጃቸው በልጃቸው እጅ እንዳለ፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ዐረፉ።

ጋሼ ከኋላቸው አንዲት ልጃቸውን፣ ይህን የሚያነበውን ወንድማቸውን፣ ክርክራቸው ያላለቀ አንድ ወዳጃቸውንና በጨለማዋ ክፍል ፊት ለፊት የተቀመጡ ወንበሮችን ትተዋል። በመስታወት በኩል ሲያዩት የኖሩትን እግዚአብሔር አሁን ፊት ለፊት ያሳያቸው፤ ነፍሳቸውንም በብርሃኑ ያሳርፍ። የቀረውን ጸሎት እኔ እንድመራ ነበር የታሰበው፤ ዛሬ ጠዋት ግን ልጃቸው እኔ ልምራው ብላ ጠይቃኛለች። ነይ ልጄ፣ ቦታ እንለዋወጥ።